ድጎማው ከጆንያው ወርዶ ወደ አፈሩ ይግባ

ለግብርና ሚኒስቴር፣
ለገንዘብ ሚኒስቴር፣
ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣
አዲስ አበባ

ከጅማ

ጉዳዩ፦ የማዳበሪያ ድጎማ አሰጣጥ እንዲለወጥ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

በጅማ ገበያ «ማዳበሪያ» ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንደኛው አፈር ላይ የሚጨመረው ነው። ሁለተኛው ባዶ ጆንያው ነው፤ ጀንፈል ቡና የሚቋጠርበት፣ በቆሎ የሚጫንበት። መንግሥት የሚያወጣው ድጎማም ለየትኛው እንደሆነ አንዳንዴ ግራ ያጋባል። የሚቆጠረው የተራገፈው ጆንያ፣ የሚነገረውም የተሰራጨው ኩንታል ነው። ኩንታሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ምን እንደሆነ ብዙም አይጠየቅም።

ይህን የምንጽፈው በጅማ ዞን በአፈር ምርመራ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ግብይትና በቡና ጥራት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ድጎማ ይቅር አንልም። ስሪላንካ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ እንዳይገባ በአንድ ጊዜ ከልክላ፣ ሩዝና ሻይዋ ሲወድቅ ዓመቱ ሳያልቅ ውሳኔዋን ማጠፏን ሁላችንም አይተናል። የምንጠይቀው ድጎማው በኩንታሉ ዋጋ ላይ መንጠልጠሉ ቀርቶ ለቤተሰቡ በብር ተቆርጦ በኩፖን እንዲሰጥ ነው። ገበሬው በዚያ ብር ማዳበሪያም፣ የአፈር አሲድ የሚያበርድ ኖራም፣ የእህል ማከማቻ ከረጢትም መግዛት ይችል። ምክንያታችንን ከታች፣ ከአፈሩ እንጀምራለን።

በዴዶ፣ በሰቃ ጨቆርሳ ወይም በቀርሳ ደጋማ ቀበሌ ሰኔ ላይ ወደ አንድ የበቆሎ ማሳ ግቡ። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ በመስመር ተጨምሮበታል። በቆሎው ግን ጉልበት ሳይደርስ የታችኛው ቅጠሉ ጠርዝ ሐምራዊ ሆኗል። አንዱን ነቅላችሁ አፈሩን ብታራግፉ ሥሩ አጭርና ደንዳና፣ ጫፉ ቡናማ፣ ቀጫጭን ሥሮች የሌሉት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሐምራዊው ቀለም የፎስፈረስ ረሃብ ነው። ፎስፈረሱ ደግሞ እዚያው አጠገቡ፣ ገበሬው በገዛ ገንዘቡና በመንግሥት ድጎማ የቀበረው ነው። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟል፤ የሥሩን ጫፍ ያቃጥላል። አሉሚኒየሙና በቀይ አፈራችን የሞላው ብረት ፎስፈረሱን ጠፍንገው ይይዙታል። ደህና በሚባል አፈር እንኳ ሰብል በተጨመረበት ዓመት የሚያነሣው ፎስፈረስ ከአሥር እስከ ሃያ አምስት በመቶ ገደማ ነው፤ በአሲዳማ አፈር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሌላው ተቆልፎ ይቀራል።

ነገሩን የሚያብሰው ማዳበሪያው ራሱ አፈሩን እያመረረው መሄዱ ነው። ኤንፒኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት፣ 7 በመቶ ሰልፈር አለው፤ ናይትሮጅኑ በአሞኒየም መልክ ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱን ስሌት ብንከተል፣ 100 ኪሎ ኤንፒኤስ የሚያመጣውን አሲድ ለማብረድ ወደ 100 ኪሎ ንጹሕ ኖራ ያስፈልጋል። 100 ኪሎ ዩሪያ ደግሞ ወደ 83 ኪሎ ይፈልጋል። አንድ ገበሬ በሄክታር ከሁለቱም አንድ አንድ ኩንታል እየጨመረ 10 ዓመት ቢያርስ ወደ 18 ኩንታል የኖራ ዕዳ በማሳው ላይ ተከማችቷል ማለት ነው። ዕዳው በማንም መዝገብ ላይ የለም። መንግሥት አሲዱን ደጉሟል፤ ማርከሻውን ግን በአብዛኛው ለገበሬው ትቶታል።

ታዲያ ኖራ ምን ያህል? በአገራችን ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት ቀመር የአፈሩን ተለዋዋጭ አሲድ፣ ማለትም በአፈሩ ቅንጣት ላይ የተያዘውን አሉሚኒየምና ሃይድሮጅን፣ ይለካና 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላለው የእርሻ ንብርብር ያሰላዋል። ተለዋዋጭ አሲዱ 2፣ የአፈሩ እፍጋት 1.2 ከሆነ በሄክታር 1,800 ኪሎ ይመጣል። አሲድ ለማይችል ሰብል በ1.5 ሲባዛ 2,700 ኪሎ ይሆናል። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 675 ኪሎ ነው፤ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ቢሆን 13 ተኩል። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ በዚህ ሂሳብ ከሰባት ጥማድ ብዙም አያልፍም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ ኖራ ርካሽ ድንጋይ ነው፣ ውድ የሆነው መንገዱ ነው። ከጉደር የተፈጨ ኖራ ጅማ እስኪደርስ የጭነቱ ወጪ የዕቃውን ዋጋ ይውጠዋል። ከጅማ ወደ ቀበሌው፣ ከቀበሌው መጋዘን ደግሞ በፈረስ ጀርባ እስከ ማሳው ሲታሰብ፣ 13 ጆንያ ማለት 13 ምልልስ ነው። ማዳበሪያ ሲሆን ለዚያው ማሳ ግማሽ ጆንያ ኤንፒኤስና ግማሽ ጆንያ ዩሪያ ይበቃል። ገበሬው ኖራን የሚሸሸው ባለማወቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

መውጫ አለ። ሙሉውን መጠን በአንድ ጊዜ በብተና ከማልበስ፣ ሩቡን በየዓመቱ በመስመር ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ጥማዱ የሚፈልገው 169 ኪሎ ገደማ፣ ሦስት ጆንያ ተኩል ነው። ያው አይሱዙ ወደ 29 ጥማድ ያዳርሳል። የአፈሩ መታከም ይዘገያል፤ ሆኖም የማይመጣን 13 ጆንያ ከመጠበቅ የሚመጣ ሦስት ጆንያ ይሻላል። ኖራው ደቃቅ መሆን አለበት፤ ሻካራው ዓመታት ይቀመጣል እንጂ አይሠራም። ከዘር አንድ ወይም ሁለት ወር በፊት፣ አፈሩ ርጥበት ሲያገኝ ታርሶ መግባት አለበት። ከዩሪያ ጋር አንድ ላይ መጨመር ደግሞ ናይትሮጅኑን ወደ አየር መልቀቅ ነው፤ ሽታው ራሱ ይናገራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ከ130 ብር አለፈ። ለምሳሌ ያህል ማዳበሪያ ወደብ ላይ በቶን 600 ዶላር ቢሆን፣ ኩንታሉ 60 ዶላር ነው። በቀድሞው ተመን 3,420 ብር፣ በ130 ብር ሂሳብ 7,800 ብር። ገበሬው የሚከፍለው በቀድሞው ዋጋ ይቁም ከተባለ 4,380 ብሩን የሚሸፍነው ግምጃ ቤቱ ነው፤ ከገበሬው ድርሻ ይበልጣል ማለት ነው። እዚህ ላይ ማዳበሪያው አልተሻሻለም፣ መጠኑም አልጨመረም፤ ድጎማው ብቻ አበጠ። የኩንታል ዋጋን ይዞ የሚቆም ድጎማ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ልኩን የሚወስነው የዓለም ገበያና የምንዛሪው ተመን ነው፣ የገንዘብ ሚኒስቴር አይደለም። ለቤተሰብ በብር የሚቆረጥ ድጎማ ግን በጀት ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ዋጋው ሲንር በየዓመቱ ሊከለስ ይገባል፤ ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ስለ ምንዛሪ ካነሣን አይቀር የቡናውን ነገር ማለፍ አይቻልም። ከ2016ቱ ለውጥ በፊት ብሩ ከዋጋው በላይ ተሰቅሎ በቆየባቸው ዓመታት የጎማና የሊሙ ኮሳ ቡና አምራች በስውር ግብር ይከፍል ነበር። ዶላሩ በርካሽ እየተመነዘረ ከውጭ የሚገባውን ዕቃ፣ ማዳበሪያውን ጨምሮ፣ ይደጉም ነበር። ቡና በኪሣራ ልኮ ኪሣራውን በገቢ ዕቃ ትርፍ የሚያካክስ ላኪ የበዛውም ለዚህ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ አገሪቱ በአንድ እጇ ከቡና አምራቹ ወስዳ በሌላ እጇ ለበቆሎ አምራቹ ስትሰጥ ኖራለች። አሁን የመጀመሪያው እጅ ላልቷል። ስለዚህ በአዲሱ ተመን ቀይ እሸት የሚሸጠው የማና አምራችና ግማሽ ሄክታር በቆሎ ብቻ ያለው የኦሞ ናዳ ገበሬ በኩንታል እኩል መደጎማቸው ፍትሕ አይመስለንም። አሥር ኩንታል የሚገዛ አሥር እጥፍ ይደጎማል፤ ሃያ አምስት ኪሎ የሚፈልገው ደግሞ ሃምሳ ኪሎ ጆንያ ከጎረቤት ጋር ለመካፈል ዝናብ ላይ ይፈታል። (ጆንያው ባለ 25 ኪሎ ቢሆን ብቻ ስንት ነገር ይስተካከል ነበር! የተፈታ ጆንያ ርጥበት ይስባል፣ ይጋገራል፤ ጨውና አሸዋ የሚቀላቀልበትም ያን ጊዜ ነው።)

በገበያው ላይ የሚያደርሰውን ደግሞ እንይ። አንድ ዕቃ በሁለት ዋጋ ሲሸጥ ልዩነቱ ደላላ ይወልዳል፤ ይህን ለማወቅ መርማሪ አያስፈልግም። ከማኅበሩ መጋዘን በድጎማ የወጣ ዩሪያ ወደ ጫት ማሳ ይሄዳል፤ ጫት ቅጠል ስለሆነ ናይትሮጅን ይወዳል፣ ገንዘቡም በየጊዜው ይመጣል። ኤንፒኤሱ ግን መጋዘን ይከርማል። ሕንድ ይህን በትልቁ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የፎስፈረስና የፖታስየም ማዳበሪያ ዋጋ ለገበያው ሲለቀቅ የዩሪያው ዋጋ ተይዞ ቀረ፤ ገበሬውም ዩሪያ ላይ ተረባረበ፣ የአፈሩ ሚዛን ተዛባ። ወደ ፋብሪካ የሚሾልከውን ለመግታት ዩሪያ ሁሉ በኒም ዘይት እንዲለበጥ ታዘዘ፤ ጆንያውም ከ50 ወደ 45 ኪሎ ወረደ። ሁሉም ጥገና ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን አልተነካም። እኛ ዘንድ በኬላ ቁጥጥር ይህን እንገታለን ማለት ያንኑ መንገድ መድገም ነው።

ሌላው ጉዳት የግል ነጋዴው ነው። ድጎማው በአንድ መስመር፣ ከአስመጪ ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ መሠረታዊ ማኅበር ብቻ ሲወርድ፣ አጋሮ ከተማ ላይ ኖራ፣ ዘርና ማዳበሪያ አንድ ሱቅ ውስጥ አስቀምጦ የሚሸጥ ሰው ሊኖር አይችልም። ከድጎማው ዋጋ በታች መሸጥ የሚችል ሱቅ የለምና። መርከቡ ከዘገየ፣ ጅቡቲ ላይ መኪና ከጠፋ፣ ሌላ በር የለም። በጅማ ዞን በቆሎ የሚዘራው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። ሰኔ አጋማሽ የመጣ ኤንፒኤስ ለበቆሎ አልደረሰም፤ ከዘር ጋር ነበር ወደ አፈር መግባት የነበረበት። ያኔ ገበሬው ወይ ላዩ ላይ ይበትነዋል፣ ወይ ለጤፍ ያቆየዋል፣ ወይ ይሸጠዋል። በሦስቱም መንገድ ስሙ «ተሰራጭቷል» ነው።

በቆሎው ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። በኦሞ ናዳ፣ በጢሮ አፈታ፣ በሰኮሩና በቀርሳ ምርቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በአንድ ጊዜ ይሰበሰባል። የግብዓት ብድር የሚመለሰው በዚያው ሰሞን ነውና ሁሉም ይሸጣል፤ ዋጋው ይወድቃል። ሰኔና ሐምሌ ላይ ያው ቤተሰብ ከገበያ በቆሎ ይገዛል። ግብዓቱን መደጎምና ማከማቻውን መርሳት ጥቅሙን ለገዢው ማስተላለፍ ነው። ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ በውስጥ ሁለት ፕላስቲክ በውጭ የተሸመነ ጆንያ ያለው፣ አየር ሲያጣ ነቀዙን ይገድላል፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ሆኖም እህሉ ርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች መድረቅ አለበት። እርጥብ በቆሎ ውስጡ ከታሰረ ነቀዝ ባይነካውም ይሻግታል፤ የሻገተ ደግሞ መርዝ ያፈራል። አይጥ ወይም እሾህ የበሳው ከረጢት ተራ ጆንያ ነው። ይህን የሚያስተምር የልማት ሠራተኛና አንድ የርጥበት መለኪያ በየማኅበሩ ቢኖር፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ከመደጎም የበለጠ ገበያውን ያረጋጋል ብለን እናምናለን። በየጊዜው የሚታወጀው የእህል ወጪ ንግድ ክልከላ በዚህ ላይ ሲጨመር ገበሬው በርካሽ ግብዓት አምርቶ በርካሽ ይሸጣል። ድጎማው ለከተማ ሸማች ነው ከተባለ እንደዚያው ይነገር፤ በገበሬው ስም መሆኑ ግን ይቅር።

ቡናው ላይ ያለው አደጋ የተለየ ነው። በጎማ፣ በጌራና በሊሙ የሚገኙ የማኅበር አባላት የተፈጥሮ ቡና ምስክር ወረቀት ይዘው በተሻለ ዋጋ ይሸጣሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ የተከለከለ ማዳበሪያ የገባበት ቋሚ ሰብል ማሳ እንደገና ምስክር ወረቀት ለማግኘት ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ደንብ አንድ የአምራቾች ቡድን ከ2,000 አባል መብለጥ አይችልም፤ የአንዱ ጥፋት ለቡድኑ ይተርፋል። በቀበሌ ኮታ «ሁሉም ይውሰድ» ተብሎ የታደለ ርካሽ ዩሪያ በቡናው ጥላ ሥር አንድ እፍኝ ሲገባ የሚያሳጣው ዋጋ ከድጎማው ይበልጣል። ለዚህ ቤተሰብ የሚጠቅመው ድጎማ ሌላ ነው፤ ጉንደላ።

ያረጀ ቡና ምርት ከተለቀመ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ከመሬት 30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ውኃ እንዳይቋጥር ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል። ከሚያቆጠቁጡት ሁለት ወይም ሦስት ብርቱ ቡቃያ ይቀራል፣ ሌላው ይነቀላል። ጥሩ ተደርጎ ከተሠራ ዛፉ ይታደሳል። ግን ሁለት ዓመት የረባ ምርት የለም። ገበሬው የማይጎነድለው የመጋዙን አያያዝ ስላላወቀ ሳይሆን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቤተሰቡ ምን እንደሚበላ ስላላወቀ ነው። ማሳውን በአራት ከፍሎ በየዓመቱ አንዱን ሩብ መጎንደል፣ ለዚያ ሩብ ደግሞ የተወሰነ ብር መስጠት የሚቻል ነገር ነው። ሲጎነድል ከመልኮ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን፣ የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ እንደ 74110 እና 74112 ያሉ ችግኞች ክፍተቱ ላይ ይተክላል። የጌራ የጫካ ቡና አካባቢ ግን የየአካባቢው ዝርያ እንዲጠበቅ የራሱ ፈንታ ይሰጠው።

የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴርን የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የድርጅቱ የግብርና ስምምነት ድጎማን አይከለክልም፤ በዓይነት ይለየዋል። አንቀጽ 6.2 ታዳጊ አገሮች ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ወይም ሀብት ለሌላቸው አምራቾች የሚሰጡትን የግብዓት ድጎማ በድጎማ ላይ ከተጣለው ጣሪያ ውጪ ያደርገዋል። ማን እንደሚያገኘው ሳይለይ ለሁሉም በኩንታል የሚሰጥ ድጎማ ግን በዚህ በር መግባቱ ያከራክራል፤ ካልገባ ለታዳጊ አገሮች በተፈቀደው የምርት ዋጋ 10 በመቶ ውስጥ ይቆጠራል። ምርምር፣ የአፈር ምርመራ፣ የኤክስቴንሽን ሥልጠና፣ የተባይ መከላከል፣ የገጠር መንገድ ጣሪያ በሌለው «አረንጓዴ ሣጥን» ውስጥ ናቸው። የወጪ ንግድ ድጎማ እ.ኤ.አ. በ2015ቱ የድርጅቱ የናይሮቢ ጉባኤ በሩ ተዘግቷል። ስለዚህ «ቡና ላኪው ይደጎም» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ገና ከወዲሁ ይቅር። ቤተሰብን በመሬት ስፋት ለይቶ የሚሰጥ ኩፖን ለገበሬው የተሻለ መሆኑ ብቻ ሳይሆን በድርድር ጠረጴዛ ላይም ለመከላከል የሚቀል ነው።

ብዙ ጊዜ «የሀብታም አገሮች ድጎማ ገበያችንን ዘጋው» ይባላል። ለጥጥ እውነት ነው፤ ብራዚል አሜሪካን ከስሳ የረታችበት ጉዳይ ምስክር ነው። ለጅማ ቡና ግን አይሠራም። አውሮፓ ቡና አያበቅልም፤ ጥሬ ቡና ያለ ቀረጥ ያስገባል። በተቆላው ላይ የጣለውን 7.5 በመቶ ቀረጥም እንደ እኛ ላሉ በዕድገት በጣም ወደኋላ ለቀሩ አገሮች አንሥቶታል። የሚይዘን ሌላ ነው፤ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ያልተመነጠረበት ማሳ መሆኑን በመገኛ ነጥብ አስመስክሩ የሚለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው። ተፈጻሚነቱ ሁለት ጊዜ ቢራዘምም አልተሻረም። ከአራት ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የእኛ ማሳ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚያ በታች ነው። ነጥቡን የሚወስደው ሰው ደመወዝ፣ ስልኩና የመረጃ ቋቱ ከድጎማው አንድ ጥግ ቢቆረጥለት ለቡና ገበያችን ከማንኛውም ኩንታል የበለጠ ይሠራል። ያው መረጃ ደግሞ የኩፖኑ መዝገብ ይሆናል፤ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ አይሠራም።

ኩፖን ሲባል በአገራችን አዲስ አይደለም፤ የግብዓት ኩፖን ተሞክሯል። የት እንደሚሰበርም ይታወቃል። ዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2015/16 በ13 ወረዳዎች በኤሌክትሮኒክ ካርድ ጀመረች፤ ገበሬው የፈለገውን ግብዓት ከሱቅ ይመርጣል። በ2017/18 መላ አገሪቱን አዳረሰች፤ ወዲያው ግን ተመልሳ አጠበበችው። ካርዱ በወቅቱ አልተከፈተም፣ መንግሥት ለሱቆቹ ክፍያ አዘገየ፤ ያልተከፈለው ባለሱቅ በሚቀጥለው ዓመት ዕቃ አላስገባም። ስለዚህ የባለሱቁ ሂሳብ በስንት ቀን እንደሚከፈል በውሉ ይጻፍ፤ ገንዘቡም ኩፖኑ ሳይታደል በፊት በባንክ ይቀመጥ። ይህ ካልተቻለ ባይጀመር ይሻላል።

በእኛ ዞን ሦስት ነገር ይጨመርበት። አንደኛ፣ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ብዙ ነው፤ ተቀዳጅ የወረቀት ኩፖን ከተከታታይ ቁጥር ጋር ጎን ለጎን ይኑር። ሁለተኛ፣ አንድ ወንድ ሁለት ወይም ሦስት ሚስት ባለበት ቤት እያንዳንዷ ሚስት የራሷን ጥማድ ታርሳለች፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን የባል ስም ብቻ ነው። ኩፖኑ በመሬቱ ባለቤት ሳይሆን በሚታረሰው ማሳና በምታርሰው ሴት ስም ይውጣ። የሞቱና ከቀበሌው የለቀቁ ሰዎች ስም ደግሞ ከመዝገቡ ይሰረዝ፤ ሾልኮ የሚሸጠው ኩንታል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ዝርዝር ነው። ሦስተኛ፣ በየማኅበሩ መጋዘን በር ላይ የአንድ ኩንታል ዋጋ ተበትኖ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይለጠፍ፦ ወደብ ላይ ስንት፣ ጭነት ስንት፣ የዩኒየኑና የማኅበሩ ድርሻ ስንት፣ መንግሥት የሸፈነው ስንት። ገበሬው ድጎማው መኖሩን የሚያውቀው ከዜና ነው፤ ቁጥሩን በሩ ላይ ካየ ጠያቂው ራሱ ይሆናል።

መጠኑን በተመለከተ የመጀመሪያው አንድ ሄክታር ብቻ ይደጎም እንላለን። ከዚያ በላይ የሚያርስ ሙሉ ዋጋ ይክፈል፤ ግን የፈለገውን ያህል በወቅቱ የሚገዛበት የግል ሱቅ ይፈቀድለት። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ለሆነ ማሳ የኩፖኑ ከሲሶ ያላነሰ ለኖራ ብቻ የሚውል ይሁን። እዚህ ላይ «ገበሬው ይምረጥ» ካልነው ጋር እንደምንጋጭ እናውቃለን፤ ኖራ ውጤቱ ስለሚዘገይ በመጀመሪያው ዓመት ማንም አይመርጠውም፣ ስለዚህ ለሦስት ዓመት ያህል መታሰሩን መርጠናል። የኖራው የጭነት ወጪ በተለይ ይሸፈን፤ ማዳበሪያ ጭነው ወደ ጅማ የሚመጡ መኪኖች ጋር በአንድ ጨረታ ቢያያዝ ይቀልላል።

ጊዜው ጠባብ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ፍላጎት የሚሰበሰበው የዘንድሮው ሰብል ገና ማሳ ላይ እያለ ነው፤ ቅጹ ላይ «ኖራ» የሚል ዓምድ ከአሁኑ ካልተጨመረ ዓመቱ አለፈ። አፈሩ የሚመረመረው ከታኅሣሥ እስከ ጥር፣ ቡናው ተለቅሞ በቆሎው ተነሥቶ ማሳው ባዶ ሲሆን ነው። ከአንድ ማሳ ዚግዛግ እየተሄደ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከላይ እስከ 20 ሳንቲሜትር ይቆፈራል፤ ከብት ያደረበት፣ ዛፍ ሥር ያለና የማዳበሪያ መስመር የነበረበት ቦታ ይዘለላል። በአንድ ባልዲ ተደባልቆ አንድ ኪሎ ይወሰዳል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል። ውጤቱ የካቲት ላይ ከደረሰ ኖራው መጋቢት ላይ አፈር ውስጥ ይገባል። ናሙና የሚወስዱት የልማት ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ የሚጎድላቸው የናሙና ከረጢት፣ የአፈር መቆፈሪያ ዘንግና ውጤቱን በወቅቱ የሚመልስ ላቦራቶሪ ነው። የእነዚህ ወጪ በዚህ ዓመት በጀት የት መስመር ላይ እንደሚያዝ ከኅዳር በፊት በጽሑፍ እንዲገለጽልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጅማ ዞን የአፈር፣ የግብይትና የቡና ጥራት ባለሙያዎች